ሦስት ልብ ወለድ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም፤ ጎን ለጎን መጻፍ ይቻላል?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባንክ ነው የምሠራው፤ ማታ ማታ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ሦስት ጀምሬያለሁ፣ አንዱንም አልጨረስኩም። የመጀመሪያው በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሚያጠነጥን ነው። 180 ገጽ ደርሶ ቆሟል፤ መቶ ገጽ ያህል ይቀረዋል። ሁለተኛው ቴሌግራም ላይ በክፍል የምለቀው የፍቅር ታሪክ ነው። በሳምንት አንድ ክፍል እለቃለሁ፤ መጨረሻውን አውቀዋለሁ፣ አሥራ አምስት ክፍል ቢቀረው ነው። ብዙ ጊዜ የምጽፈው ግን ሊለቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አሁን ደግሞ ሦስተኛ መጣብኝ። ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ስለነበረች ሴት ነው፤ እንቅልፍ ነሳኝ። ጓደኞቼ ‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ይሉኛል። ያለኝ ጊዜ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሦስቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል ወይስ ሁለቱን ልተዋቸው? ደግሞ ለሦስቱም አንድ ደብተር ነው የምጠቀመው፤ ችግር አለው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ይቻላል፤ አሁን በያዝሽው መንገድ ግን አይሆንም። አንዱንም መተው የለብሽም። ሦስቱንም በአንድ ወቅት መጻፍ ደግሞ አትችይም። እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል አይደል? ላብራራው።

ልብ ወለድ መጻፍ አንድ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ሐሳቡ ይመጣል፣ በማስታወሻ ይጠራቀማል። ጥናት ይደረጋል። ከዚያ ረቂቁ ይጻፋል። ረቂቁ አልቆ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። ቆይቶ ይወጣል፣ ይነበባል፣ ይከለሳል፣ ይታረማል። እያንዳንዱ የሚፈልገው ጉልበት የተለያየ ነው። ማስታወሻ ለመሰብሰብ ዓይንና ጆሮ ይበቃል። እርማት ትዕግሥት ነው። ረቂቅ ግን ጭንቅላትሽን በሙሉ ይወስዳል። ማን ምን ያውቃል? ማን ከማን ምን ደበቀ? ያ ደብዳቤ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው? አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትጽፊ ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነው።

ስለዚህ በአርታኢነት ለምሠራላቸው ሰዎች የምነግራቸው ነገር አንድ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ረቂቅ። ሌሎቹ ሥራዎች ሌላ ደረጃ ላይ እስካሉ ድረስ ሁለትም ሦስትም ይሁኑ። አንዱ ይጻፋል፣ አንዱ ይከርማል ወይም ይታረማል፣ አንዱ በደብተር ይጠራቀማል። ያንቺ ችግር ሦስት መሆናቸው አይደለም። ሁለቱ ረቂቅ ላይ ናቸው፤ ሦስተኛውም ረቂቅ ካልሆንኩ እያለ በር ያንኳኳል።

ለባንክ ሠራተኛ ሒሳብ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ግን እንሞክር። ማታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ገጽ ትጽፊያለሽ እንበል። በሳምንት አምስት ማታ ከተቀመጥሽ አሥር ገጽ ነው። የ66ቱ ታሪክ የቀረው መቶ ገጽ በአሥር ሳምንት ያልቃል። ለሦስቱም መቶ መቶ ገጽ ቀርቷቸው ማታዎችሽን እኩል ብታካፍያቸው ደግሞ ሦስቱም የሚያልቁት በሠላሳኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ድምሩ ያው ነው ትይኝ ይሆናል። አይደለም። በመጀመሪያው መንገድ በአሥረኛው ሳምንት እጅሽ ላይ አንድ ያለቀ ረቂቅ አለ። በሁለተኛው እስከ ሃያ ዘጠነኛው ሳምንት ድረስ አንድም የለሽም። ይህንን ያህል ጊዜ ምንም ሳይጨርስ የሚቆይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ይተወዋል።

ሒሳቡ ውስጥ ያልገባ ሌላ ወጪም አለ። ከሥራ ወጥተሽ፣ ታክሲ ተሰልፈሽ፣ እራት በልተሽ ስትቀመጪ ወዲያው ታሪኩ ውስጥ አትገቢም። ትናንት የጻፍሽውን ታነብቢያለሽ፣ ድምፁን ትፈልጊያለሽ፣ ሰዎቹን ታስታውሻለሽ። ትናንት እዚያው ከነበርሽ ይህ አጭር ነው። ከሳምንት በኋላ ከተመለስሽ ግን ከሁለቱ ሰዓት ግማሹን ሊበላው ይችላል። በየማታው ታሪክ የምትቀያይሪ ከሆነ ይህንን ዋጋ የምትከፍዪው በየማታው ነው።

አሁን «እገሌስ ሁለት ሦስት መጽሐፍ አንድ ላይ ይጽፍ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጽፈዋል። ግን እንዴት እንደጻፉ ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው።

ላንቺ ከሁሉም የሚቀርበው እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ይመስለኛል። እሱም ተቀጣሪ ነበር፤ የፖስታ ቤት ባለሥልጣን። ማለዳ 11:30 ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። የሚቀሰቅሰው ሠራተኛ ነበረው፤ ቡና እንዲያመጣለትና እንዳይለቀው በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለዋል። ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ከራሱ ይጠይቃል። በየቀኑ ስንት ገጽ እንደጻፈ የሚመዘግብበት ማስታወሻም ነበረው። አማካዩ በሳምንት 40 ገጽ ነበር፤ አንዱ ገጽ 250 ቃል ነው። ባቡር ላይ ሳይቀር በእርሳስ ይጽፋል፤ ሚስቱ ትገለብጥለታለች። (የእኛ ታክሲ ለዚህ አይመችም፤ የቆምሽበትን ጉዳይ በስልክ ድምፅ ለመቅዳት ግን ይበቃል።)

ይህ ሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1859 በአየርላንድ ረሃብ ዘመን ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ እየጻፈ ሳለ ሌላ ሥራ ይመጣለታል። በጥር 1860 የሚጀምር አዲስ መጽሔት በየወሩ በክፍል የሚወጣ ታሪክ ፈለገ፤ የእንግሊዝ ገጠር ቀሳውስት ያሉበት፣ ለዘብ ያለ ነገር። ትሮሎፕ የአየርላንዱን መሃል ላይ አስቀምጦ የቀሳውስቱን ጀመረ፤ በኋላም ወደ አየርላንዱ ተመለሰ። በግለ ታሪኩ ላይ ሁለት ታሪክ አንድ ላይ መያዝ እንዳልከበደው ይናገራል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል። ሰው የከተማ ወዳጆች አሉት፣ የገጠር ወዳጆች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ የማን ጉዳይ የት እንደደረሰ አይረሳም ይላል።

ደስ የሚል አባባል ነው፤ እኔም በግማሹ እስማማለሁ። ልብ በይ ግን። ሁለቱ ታሪኮች እጅግ የተራራቁ ነበሩ። አንዱ ረሃብ ነው፣ አንዱ የሰበካ ሐሜት። በየቀኑም አልቀያየራቸውም፤ አንዱን አስቀምጦ ነው ሌላውን ያነሳው። ደግሞም ብዙ መጻሕፍት ጨርሶ የወጣለት ሰው ነበር። መጨረስን ያውቀዋል።

ሩሲያዊውን ደራሲ ዶስቶየቭስኪን ደግሞ እይው። እንደ ፈረንጆቹ በ1866 «ወንጀልና ቅጣት» በመጽሔት ላይ በክፍል እየወጣለት ነው። በዚያው ላይ ስቴሎቭስኪ ከሚባል አሳታሚ ጋር የገባው ክፉ ውል አለ። እስከ ኅዳር 1 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት ሥራዎቹን ያለ ክፍያ የማሳተም መብት ያገኛል። በዚያ በጋ ለወዳጅ በጻፈው ደብዳቤ ዕቅዱን ይገልጻል። አንዱን ልብ ወለድ ጧት፣ ሌላውን ማታ እጽፋለሁ አለ። በወረቀት ላይ ያምራል። አልሆነም። መስከረም አልቆ የሁለተኛው መጽሐፍ አንድ ገጽ እንኳ አልነበረውም።

በመጨረሻ ያዳነው ማቆሙ ነው። «ወንጀልና ቅጣት»ን ለጊዜው ተወው። አና የምትባል የሃያ ዓመት ወጣት፣ ሰው ሲናገር በምልክት በፍጥነት የሚጻፍበትን አጭር ጽሕፈት የተማረች፣ ተቀጠረችለት። ሌሊት እያሰናዳ ቀን ቀን እየነገራት «ቁማርተኛው» በ26 ቀን አለቀ። ከዚያ ወደ ትልቁ መጽሐፍ ተመለሰ፤ የመጨረሻውን ክፍልም ከእሷ ጋር ጨረሰው። (በየካቲት ተጋቡ። ይህኛው ለልብ ወለድ እንኳ የበዛ ይመስላል።) እንግዲህ ሁለት ረቂቅ በጧትና በማታ ከፍሎ መጻፍ ለዶስቶየቭስኪም አልሠራም። ከሁለት አንዱ ቆሞ ነው ሁለቱም የተሠሩት።

የጓደኞችሽን ተረት አልቃወምም። ሁለት ዛፍ በአንድ ጊዜ አይወጣም። አንዱን ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ሌላውን መውጣት ግን የተከለከለ አይደለም።

አሁን ወደ ቴሌግራምሽ ልምጣ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ አስቸኳዩ እሱ ነው።

በክፍል የሚለቀቅ ታሪክ ከሌሎቹ የሚለየው ከውጭ ቀጠሮ ስላለው ነው። የ66ቱ ታሪክ ዝም ብሎ ይጠብቅሻል። የቴሌግራሙ አይጠብቅም። «ቀጣዩ መቼ ነው?» የሚል አስተያየት በየሰዓቱ ይመጣል። አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ «100 ላይክ ሲሞላ ይለቀቃል» ይላል፤ ላይኩ በአሥር ደቂቃ ሲሞላ ግን ክፍሉ ገና አልተጻፈም። ሊለቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው መጻፍሽ ሌላውን ሥራ ሁሉ እየበላብሽ ነው። ምክንያቱም ሳምንቱን ሙሉ በጭንቅላትሽ ውስጥ ያልተከፈለ ዕዳ አለ። ለ66ቱ በተቀመጥሽበት ማታ እንኳ ግማሽ ልብሽ እዚያ ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ25 ዓመቱ ሁለት ታሪክ በየወሩ በክፍል ያወጣ ነበር። አንዱ የሚያስቀው «ፒክዊክ ፔፐርስ» ነው፤ ሌላው ጨለም ያለው «ኦሊቨር ትዊስት»። መጽሔት ጭምር ያርም ነበር። ብዙ ሰው ይህን ይጠቅሳል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው እንደ ፈረንጆቹ በግንቦት 1837 የሆነው ነው። አብራቸው ትኖር የነበረች፣ እጅግ የሚወዳት የሚስቱ እህት በ17 ዓመቷ በድንገት ሞተች። ዲክንስ መጻፍ አቃተው። የሰኔው ክፍል በሁለቱም ታሪኮች ቀረ። አንድም በእጁ የተረፈ ክፍል አልነበረውም። የፈለገ ተሰጥኦ ያለው ሰው ቢሆን፣ ሐዘን ሲመጣ ያልተጻፈ ክፍል አይወጣም።

ትሮሎፕ ከላይ ያልነገርኩሽ አንድ መርህ ነበረው። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ የመጀመሪያው ክፍል እንዲታተም አይፈልግም። የቀሳውስቱ ታሪክ ይህን መርህ ያፈረሰበት ነበር፤ ጊዜ ስላልነበረው። ላንቺም ከመጀመሪያው ይህ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን መንገድ ላይ ነሽ። ስለዚህ ሌላ ዘዴ እንፈልግ።

ያንቺን ነገር ያቀለለልኝ መጨረሻውን ማወቅሽ ነው። አሥራ አምስት ክፍል ነው የቀረሽ። የ66ቱን ሙሉ በሙሉ አስቀምጪው። ማታዎችሽን በሙሉ ለቴሌግራሙ ስጪ፣ በሳምንት ሦስት ክፍል ጻፊ። የምትለቂው ግን እንደወትሮው አንድ ብቻ ነው። አታጣድፊው፣ ሰው ቢጮኽም። በአምስት ሳምንት አሥራ አምስቱም ተጽፈው ያልቃሉ፤ ከእነሱ ውስጥ የወጡት አምስቱ ብቻ ናቸው። አሥር ክፍል በእጅሽ አለ ማለት ነው። ለሚቀጥሉት አሥር ሳምንታት ቻናልሽ ሕያው ሆኖ ይቀጥላል፤ ከአንቺ የሚፈልገው በሳምንት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማረምና መልቀቅ ነው። ዋናዎቹ ማታዎች ለ66ቱ ነጻ ሆኑ።

ጎን ለጎን መጻፍ የምለው ይህንን ነው። ሁለት መጽሐፍ በአንድ ወቅት በሥራ ላይ ናቸው፤ አንዱ ይጻፋል፣ አንዱ ይታረማል።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ ነው፣ አውቃለሁ። መብራት ይጠፋል። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ። ሰኔ 30 ሲቃረብ ባንክ ቤት ውስጥ ማን በጊዜ ወደ ቤቱ ይሄዳል? የበጀት መዝጊያውን ወር ከዕቅድሽ ላይ አሁኑኑ ሰርዢው። እንደማትጽፊ አስቀድመሽ ካወቅሽ እንደ ሽንፈት አይሰማሽም።

የቴሌግራሙን ያስቀደምኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አንድም አልጨረስኩም ብለሻል። መጨረስ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ሌላ ሰው ሊያስተምርሽ አይችልም። የተበተኑትን ክሮች መሰብሰብ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ የገባሽውን ቃል ምዕራፍ ሠላሳ ላይ መክፈል፣ ለአንባቢው የሚበቃውን ማወቅ። ይህን የሚማሩት መጨረሻ ላይ ደርሰው ነው። ትንሽም ቢሆን፣ የፍቅር ታሪክም ቢሆን፣ አንዱን ጨርሺ። ከባዱን መጽሐፍ የምታነሺበት እጅ ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ 66ቱ። 180 ገጽ ላይ የቆመው ለምንድን ነው? ጊዜ ስላጣሽ ብቻ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ሞክሪ። ሳታስቢ መልሺልኝ፤ ቀጣዩ ትዕይንት ምንድን ነው? ማን፣ የት፣ ምን ፈልጎ? መልሱ ወዲያው ከመጣልሽ የደከመሽ አንቺ ነሽ፤ ዕረፍት ይበቃሻል። መልሱ ካልመጣ ግን የታመመው ታሪኩ ነው። ታሪኩ ታሞ ሳለ ወደ አዲስ ሐሳብ መሄድ በጣም ይጣፍጣል፤ አዲስ ሐሳብ ገና ምንም ችግር የለበትማ። የቤይሩቷ ሴት በዚህ ወቅት መምጣቷን ትንሽ ጠርጥሪ። ሐሳቡ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። እሷም 180 ገጽ ስትደርስ እንደዚሁ ትቆማለች።

በዚያ ዘመን ላይ የሚጻፉ ረቂቆች መሃላቸው ላይ የሚሞቱበትን ምክንያት ደጋግሜ አይቻለሁ። ታሪክ ራሱ በጣም ጎበዝ ተራኪ ነው። የካቲት ላይ አድማው አለ። ሰኔ 21 ደርግ ይቋቋማል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ይወርዳሉ። ደራሲው ሳያውቀው ይህንን የቀን መቁጠሪያ መከተል ይጀምራል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቀስ በቀስ ሥራዋ ሬዲዮ ማዳመጥና መደንገጥ ብቻ ይሆናል። 180ኛው ገጽ ላይ ደራሲው ይሰለቻል፤ ለምን እንደሰለቸ አያውቅም። የመጨረሻዎቹን ሠላሳ ገጾች አውጥተሽ እዪ። ገጸ ባሕርይሽ በራሷ ውሳኔ ያደረገችው ነገር አለ? ከሌለ፣ የቆምሽው እዚያ ነው። የቴሌግራሙን በምትጽፊባቸው አምስት ሳምንታት ይህ ጥያቄ ከኋላ ይብሰልሰልልሽ። አታነብቢው፣ አትነካኪው። ስትመለሺ በሌላ ሰው ዓይን ታዪዋለሽ። ረቂቅን ማስከረም ከስንፍና የሚለየው መመለሻ ቀን ስላለው ነው። ቀኑን ጻፊው።

ብዙ ሥራ የሚይዝ ሰው ላይ የሚደርስ አንድ አደጋ ልንገርሽ፤ በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። ድምፅ ይወራረሳል። የቴሌግራም አጻጻፍ የራሱ ምት አለው። «በሩ ተከፈተ። ደነገጥኩ። እሱ ነበር!» ለዚያ ቦታ ይሠራል። በሚቀጥለው ማታ የ66ቱን ስትከፍቺ ያው ምት ይከተልሻል፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ በድንጋጤ ማለቅ ይጀምራል። የ66ቱ ተማሪ ጓደኛውን «ሙድ ይዘህብኝ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አንባቢው ከዘመኑ ተፈናጥሮ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለመጻፍ ስትቀመጪ ከዚያው መጽሐፍ የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ። በዓይን አይበቃም፤ ጆሮ ነው ድምፁን የሚይዘው። ደግሞ አንድ ማታ ላይ ሁለት ታሪክ አትንኪ። እርማቱን ለቅዳሜ ጧት አድርጊው፣ ቢቻል ሌላ ቦታ ተቀምጠሽ።

ማታ ሥራ ስታቆሚም ነገ የሚመጣውን በሦስት መስመር ጽፈሽ ተነሺ። «እናቷ ገና አላወቀችም። ደብዳቤው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ቀጥሎ፦ የቤት ኪራዩ ጠብ።» ይኸው ነው። ከወር በኋላ ስትመለሺ እነዚህ ሦስት መስመሮች የአንድ ሰዓት ድካም ያስቀሩልሻል።

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ የመዝገብ ገጽ ይኑርሽ። ስም፣ ዕድሜ፣ መልክ ብቻ አይደለም። ማን ማንን «አንተ» ይላል፣ ማን ማንን «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ይላል? ምዕራፍ ሁለት ላይ አማቷን «እርስዎ» ያለች ሴት ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ «አንቺ» ካለች አንባቢ ጠብ የተነሳ ነው የሚመስለው። የስም አጻጻፍም እንደዚሁ። አንድ ቦታ «ኃይሉ»፣ ሌላ ቦታ «ሀይሉ» ብለሽ ከጻፍሽ በኮምፒዩተር ስትፈልጊ ግማሹን አታገኚውም። አንዱን ምረጪና መዝግቢ። ሦስት መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ኃይሉ ካለሽ ደግሞ ሁለቱን ስም ቀይሪያቸው፤ ራስሽ ትምታቻለሽ።

ቀንም መዝግቢ። ለምሳሌ የታክሲ ነጂዎቹ አድማ የተመታው የካቲት 11 ቀን 1966፣ ሰኞ ነው። ያ ዓመት ፋሲካው ሚያዝያ 6 ነበር። ወደ ኋላ 55 ቀን ስትቆጥሪ የሁዳዴ መግቢያ የካቲት 11 ላይ ይውላል። ያው ቀን! እንግዲህ በአድማው ማታ ገጸ ባሕርይሽ ክትፎ ቤት ተቀምጣ ከሆነ ወይ ጾመኛ አይደለችም፣ ወይ ትዕይንቱ ተሳስቷል። ሦስት ታሪክ በጭንቅላት ይዞ ይህን ማስታወስ አይቻልም። በአንጻሩ ከተማው ቆሞ፣ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ፣ ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ የሚያሳይ ትዕይንት አታገኚበትም? እኔ ብሆን እጽፈው ነበር።

የቤይሩቱስ? እሱ አሁን የደብተር ነው። አንድ ማታ ስጪው፤ አንድ ብቻ። የሚመጣልሽን ሁሉ ሳትመርጪ ገልብጪው። ሴትዮዋን፣ ማዳሟን፣ በረንዳውን፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርም ከመጣ። ከዚያ ዝጊው። እንቅልፍ የሚነሳሽ እንዳትረሺው ስለምትፈሪ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ይረጋጋል።

ደግሞ ይህ ታሪክ ገና ብዙ ጥናት ይፈልጋል። ከፋላ የሚባለው አሠራር የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር እንዴት እንደሚያስር በደንብ ማወቅ አለብሽ፤ ሴራውን ግማሽ ያህል የሚወስነው እሱ ነው። ለምን ዝም ብላ አትወጣም የሚለውን የአንባቢ ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው። ታሪክሽ በ2012 ዓ.ም. ላይ ከደረሰ፣ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጣሏቸው የሄዱበት ሰኔ አለ። ሐምሌ 28 የወደቡ ፍንዳታ አለ። እዚህም ያው የ66ቱ ወጥመድ ይጠብቅሻል፤ ፍንዳታው ታሪኩን እንዳይነጥቅሽ። ከተመለሱ ሴቶች ጋር መነጋገር ይኖርብሻል። ለልብ ወለድ መሆኑን ነግረሽ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ የሚታወቁበትን ነገር ቀይረሽ። ይህ ሁሉ የማታ ጠረጴዛ የማይፈልግ ሥራ ነው። በምሳ ሰዓት፣ በእሑድ ቡና፣ በስልክ ይሠራል። ስለዚህ ከረቂቅ ጋር አይጋጭም።

ተከታዮችሽን በተመለከተ፣ ዕቅድሽን አሁን ንገሪያቸው። «አሥራ አምስት ክፍል ይቀረናል፣ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ይወጣል» በያቸው፤ ቀኑን አንቺ ምረጪ። ቁርጡን የሚያውቅ አንባቢ ከምትገምቺው በላይ ይታገሣል። ሁለት ሳምንት ጠፍቶ በይቅርታ የሚመለስ ጸሐፊ ነው የሚያሰለቻቸው።

ስለ ደብተሩ፦ አዎ፣ ችግር አለው። ሦስት ደብተር ግዢ፤ ሽፋናቸው የተለያየ ይሁን። የቤይሩቱ ትንሽ ሆኖ ቦርሳሽ ውስጥ ይግባ፤ ሐሳቡ የሚመጣው ደጅ ስትሆኚ ነው። የ66ቱ ትልቅ ይሁን፤ ቤት ይቀመጥ። ከአሮጌው ደብተር ላይ ሁሉንም እገለብጣለሁ ብለሽ አንድ ሳምንት እንዳታባክኚ ግን፤ ይህም ከመጻፍ የመሸሺያ አንዱ ዘዴ ነው። ዛሬ ማታ የቴሌግራሙን ብቻ አውጪ። ያልተዘጉ ጉዳዮችን ዘርዝሪና ከአሥራ አምስቱ ክፍል የትኛው ላይ እንደሚዘጉ ከጎናቸው ቁጥር ጻፊባቸው። የሌሎቹ ይቆዩ።